በእኛ ዘር የለም

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሮሐ አትመነጠርም፤ አማቷን ጠርጥራለች።

ነገሩ የጀመረው ዶክተሯ የእርግዝና ስኳር እንዳለባት የነገረቻት ቀን ነው። አትደንግጪ፣ ብዙ ነፍሰ ጡር የሚገጥማት ነው፣ ግን በቤተሰብ ካለ ማወቅ አለብን ብላታለች። ማታ ፓልምስ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ውስጥ አማቷ እትዬ ዶርቃም ይህንኑ ጠየቁ፤ ያውም ስትወልድ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ የመጡትን የሮሐን እናት አፍጥጠው እያዩ።

“በእኛ ዘር የለም” አሉ እናቷ ፈጠን ብለው። “ሽማግሌ የላካችሁ ጊዜም ተናግሬያለሁ። እሷንስ ስወልድ አምስት ኪሎ መዝና አዋላጇ ጉድ አላለችም?”

ሮሐ ተናደደች። እንዲያ ያለ ጤነኛ ልጅ የወለደች እናት በዘሯ ትጠየቃለች?

በሳምንቱ መታጠቢያ ቤት፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደም የነካው የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አገኘች። የእሷ ነጭ ነው፤ ይሄ ሰማያዊ። ሌላ ቀን የእትዬ ዶርቃ ቦርሳ ከወንበር ወደቀና መለኪያ ማሽን ዱብ አለ። ሴትዮዋ አፍሰው ዚፑን ዘጉት።

አሃ፣ ለካ በሽታው የእነሱ ነው! የሰው ዘር ሲያበጥሩ የራሳቸውን ደብቀው። ሮሐ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ልጇ ከእሷም ከእነሱም ሊወርስ ነው፤ ዶክተሯ ግን ምንም አታውቅም።

እትዬ ዶርቃ ክሬንሾው አካባቢ አዛውንት ይንከባከባሉ። ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ፓልምስ ድራይቭ አድርገው ይመጣሉ፤ ከእናቷ ጋር ያንሾካሹካሉ፤ ሮሐ ስትገባ ጭጭ። እናቷም ከመጡ ወዲህ ከስተዋል። ውሃ ብቻ ነው የሚጠጡት። ለሚወለደው ልጅ በተደገሰው ቤቢ ሻወር ዕለት እንኳ ኬኩን ጥርሴን ያመኛል ብለው አልነኩትም። አማቴ እማዬን በነገር ጠብሰዋት ነው፣ አለች ሮሐ በሆዷ።

“እማዬ፣ እኚህ ሴትዮ ስኳር አለባቸው አይደል? አንቺ ታውቂያለሽ።”

እናቷ አንገታቸውን ደፉ።

“ተያቸው፣ ልጄ። ክፉ ሰው አይደሉም።”

የእናቷ የዋህነት ይባስ አንገበገባት። ባሏን አሮንን አፋጠጠችው፦ “ሶ፣ እናትህ እውነቱን ካልተናገሩ እዚህ ቤት አይረግጡም። ልጄንም አያቅፉም።” አሮን ግን “እማዬ ዋሽታ አታውቅም፤ ማስረጃ አምጪ” አለ።

በማግስቱ ፌርፋክስ ካለው ከምትሠራበት የቅመም ሱቅ ቀደም ብላ ወጣች። የቤቱን በር ድምፅ ሳታሰማ ከፈተች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እትዬ ዶርቃ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎንበስ ብለዋል፤ ማሽኑ በእጃቸው ነው። ሮሐ ስልኳን አውጥታ፣ ለአሮን የምትልከውን ቪዲዮ እየቀረጸች በሩን ገፋችው።

የሚደማው ጣት የእናቷ ነበር።