የመስታወት አጣቢው ዋስ

ሽመክት የአንድ ሆቴል ፎቅ መስታወት ከውጭ ተንጠልጥሎ እንዲያጥብ ሥራ ሲያገኝ፣ ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ተጠያቂው አጣቢው ነው። ለዚህም ኢንሹራንስ ይግባ ተባለ። የሄደባቸው ኢንሹራንሶች በሙሉ ውሉን አንብበው ሳቁና መለሱለት።

«እንግዲያው ዋስ አምጣ» አለው የሆቴሉ ነገረ ፈጅ።

እናቱ የቤታቸውን ካርታ በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። «ለልጄ ያልተዋስኩ ለማን ልዋስ?» ብለው ፈረሙ፤ ሲወጡም ነገረ ፈጁን መረቁት።

ወር ሳይሞላ ገመዱ ተበጠሰ።

በአርባው ማግስት ሆቴሉ እናትየውን አስጠራቸው። «መቼም ሰው ናቸው፣ አንድ ነገር ቢያስቡልኝ ነው» እያሉ ከል እንደለበሱ ሄዱ። ነገረ ፈጁ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ። «እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ» አላቸው፤ ውሃም አስመጣላቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ደግፎ ወደ መስኮቱ ወሰዳቸውና፣ ታች ግቢው ውስጥ የቆመች፣ ጣራዋ የተጨረማመተ መኪና አሳያቸው።

«የእንግዳችን መኪና ናት። ልጅዎ የወደቀው እሷ ላይ ነው። ዋሱ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

እናትየው ነገሩ ሲገባቸው መስኮቱን ተደግፈው «ገመዱ እኮ ያረጀ ነበር!» አሉ። «ልጄን የበላው የራሳችሁ ገመድ ነው!»

«ልክ ነዎት እማማ፣ ገመዱ የእኛ ነው» አለ ነገረ ፈጁ በትሕትና። «የእሱንም ዋጋ ደምረንብዎታል።»