የተዋጊዋ አዲስ ምርጫዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዎች ከፎቶኮፒ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ይጫወታሉ። ጨዋታው የጠረጴዛ ነው። እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ዳኛዋ ታሪኩን ትመራለች፤ ማን እንደመታና ማን እንደተመታ የሚወስነው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ነው።

ዳኛዋ የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ናት። የቀኝ እጇ ጣቶች ስለማይታጠፉ ዳይሱን የምትጥለው በግራዋ ነው። ከአምስቱ አንዷ የሆነችውን ልብስ ሰፊ ወደ ጨዋታው ያመጣቻትም እሷው ናት። ከሦስት ወር በፊት ምንም ያልሆነ ዚፕ ይዛ "ይቀየርልኝ" ብላ ወደ ስፌት ቤቷ መጣች፤ ወሬ ጀመረች፤ በዚያው ጋበዘቻት።

ልብስ ሰፊዋ የያዘችው ተዋጊ ነው። ተዋጊ ማለት እዚህ ጨዋታ ላይ ምስኪን ፍጡር ነው። አስማተኛው እሳት ያዘንባል፣ ሌባው በጥላ ውስጥ ይሾልካል፤ ተዋጊ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር ሰይፉን ያነሳል፣ ይመታል፣ ይቀመጣል። ማፈግፈግ እንኳ አይችልም። ጀርባውን ካዞረ ባላንጣው አንዴ በነጻ ይመታዋል።

"የኛ ሥራ እኮ እንጨት መፍለጥ ሆነ!" ብላ ባለፈው ሳምንት አማርራ ነበር። ሌላውን ተዋጊ የያዘው ኤሌክትሪሺያንም አጨብጭቦላታል።

ስለዚህ ዛሬ ዳኛዋ ለሁለቱ አዳዲስ የውጊያ ምርጫዎች ጽፋ መጣች። የኤሌክትሪሺያኑ ወረቀት ላይ የጋሻ ምትና የጦር ውርወራ አለ። የልብስ ሰፊዋ ወረቀት ግን አራት ታጥፎ በስቴፕለር ተመትቷል።

"አንቺ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፣ እህቴ።"

"ኧረ ይሄማ አድልዎ ነው! የኔን አደባባይ አውጥተሽ የሷን ትደብቂያለሽ?" አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጠራ። ባሏ ነው። ከተቀመጡ ሲደውል ይሄ ሦስተኛው ነው። እነማን አሉ? ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ከሷ በፊት የነበረችው ሚስቱ ድንገት ጥላው ስለጠፋች ሰውየው ስጋት አያጣውም። ከተጋቡ ስምንት ወራቸው ነው፤ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም።

"ፍቅር ይሏል ይሄ ነው!" አለ ኤሌክትሪሺያኑ። ሁሉም ሳቁ። ዳኛዋ ብቻ አልሳቀችም።

"በቀን ስንት ጊዜ ይደውላል?"

ምን አገባት? ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጨዋታው ቀጠለ። ተዋጊዋ ባላንጣዋ የሚኖርበት ግንብ ደረሰች።

"በሩ አረንጓዴ ነው" አለች ዳኛዋ፣ ዓይኗን ከልብስ ሰፊዋ ላይ ሳትነቅል። "እንደገባሽ አምስት እርምጃ የምትሆን ጠባብ መተላለፊያ አለች። በስተግራ ኩሽና። ከኩሽናው መስኮት ብረቶች የመጨረሻው፣ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ይወልቃል።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። አምስት እርምጃ። ኩሽና በስተግራ። ያ ብረት! እሷ ራሷ የሚወልቅ መሆኑን ያወቀችው ባለፈው ሰኞ መስኮቱን ስትወለውል ነው። ለባሏ እንኳ ገና አልነገረችውም።

የሷ በር ግን ነጭ ነው። ነጭነቱን ስታስብ ትንሽ ነፍሷ መለስ አለ። ቢሆንም መቀመጥ አልቻለችም፤ አሞኛል ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ዳኛዋ እስከ በሩ ተከትላት "ወረቀቱን እንዳትጥይው" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ዞራ ሳታያት እግሬ አውጪኝ አለች።

ታክሲ ውስጥ የወረቀቱን ስቴፕለር በጥፍሯ ነቀለች።

"ለጠባብ ቤት ተዋጊ። አንደኛ፦ ባላንጣው በአንቺና በበሩ መካከል እንዲቆም አትፍቀጂለት። ሁለተኛ፦ ባላንጣው ሲነሳ አይጮህም። በሩን ሁለቴ ቆልፎ ቁልፉን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከከተተ ጊዜ የለሽም። ሦስተኛ፦ ማፈግፈግ፤ ይኸውም ሳይመቱ መውጣት። የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለባላንጣው ከተነገረ አይሠራም።"

ይሄ የምን ጨዋታ ነው? ዛቻ ነው እንጂ። ሴትየዋ ቤቷን ቆጥራ ጨርሳዋለች፤ አንድ ቀን ልትገባባት ነው።

ሰፈሯ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቁልፏን ስትፈልግ፣ ማጠፊያው አጠገብ ነጩ ቀለም ተላጦ አየች። በጥፍሯ ፋቀችው።

ከሥሩ አረንጓዴ ነው።

ባሏ በሩን የቀባው እሷን ሊያገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። እንግዲያው ይህች ሴት በዚህ ቤት ዙሪያ ማንዣበብ የጀመረችው ገና እሷ ሳትገባበት ነው! ቁልፉን መፈለጉን ትታ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

ባሏ ከፈተላት። ደረቱ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች።

"አንዲት ሴትዮ ቤታችንን ትሰልላለች! ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጫውተን ዳኛዋ! አሁን ምን ይዋጠኝ?"

"አይዞሽ፣ የኔ እናት። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?"

ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ውኃ አመጣላት። እሷም አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችለት፤ ስለ ዚፑ፣ ስለ አረንጓዴው በር፣ ስለሚወልቀው የኩሽና መስኮት ብረት። እሱ ስለ ሴትየዋ መልክ እንኳ አልጠየቃትም። "ብረቱ የትኛው ነው?" ብቻ አለ፤ ነገረችው።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችው። ቆሞ አነበበው። እንደገና አነበበው። በጥንቃቄ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና በዝግታ ወደ በሩ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ስለነበር አላየችውም። ቁልፉ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ ቀጭ ሲል ግን ሰማች። ቀና ስትል ባሏ ከበሩ ፊት ቆሟል፤ እጁን ከሸሚዙ ኪስ እያወጣ ነው።

"ለመሆኑ" አላት፣ እንደወትሮው በለሰለሰ ድምፅ፣ "ቀኝ እጇ አሁንም አይታጠፍላትም?"