የእንግዶች ቀን

ምድጃ ጠባቂው የጭስ ማውጫውን የጥላሸት ማራገፊያ እጀታ ጨብጦ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ለንጹሕ አየር የተሸለመውን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዟል። «ለእኛ ከትርፍ ሰው ይቀድማል!» ሲል ድምፅ ማጉያው አስተጋባ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ምድጃው እንደተለመደው ለእንግዶቹ ሲባል ጠፍቷል። የሰፈሩ ሴቶችም ነጭ ልብስ አጥበው የሚያሰጡት እንዲህ ባለው ቀን ብቻ ነበር፤ በሌላው ቀን የተሰጣ ሁሉ ጠቁሮ ይገባል።

ሴት ልጁ በኦክስጅን ትተነፍስ በነበረ ሰሞን፣ «ጌታዬ፣ የጭስ ማጣሪያው መቼ ይገጠማል?» ብሎ ይኸንኑ ሰው ጠይቆት ነበር። «ኧረ ተው! ማጣሪያ ትርፋችንን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚበላው። ለልጅህ ጭምብል ግዛላት» ብሎ ሳቀበት። ያ ሳቅ እስካሁን ከጆሮው አልወጣም። አሁን እጀታውን እንዳይስብ እጁን የያዘው የጎረቤቶቹ ልብስ ብቻ ነበር። ያሰበውን ማታ ለሚስቱ ነግሯት፣ «አበድክ እንዴ?» ብላው ፊቷን አዙራ ተኝታለች።

ከአጥሩ ማዶ ቃኘ። የልብስ ማስጫ ገመዶቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ሴቶቹ ልብሳቸውን አስገብተው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ሚስቱ ከፊታቸው እጇን አጣምራ ጭስ ማውጫውን ሽቅብ ታያለች።

እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበው። በጭስ ማውጫው ውስጥ ተጋግሮ የከረመው ጥላሸት በነጩ ልብስ ላይ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ሊያራግፈው ሲሞክር ጭራሽ ለቀለቀው፤ ከዚያ ያስለው ጀመር። ፎርማኑ በሩን በርግዶ ገባ።

«ምን ማድረግህ ነው አንተ? ሰውየው ሊታፈን ነው እኮ!»

«ጭምብል ግዙለት» አለው።