ፕሎምፑን ማን ቆረጠው

ሙሉሐረግ ካቻቢቴውን በአናናሱ ቆርቆሮ ላይ አቁማ በመዶሻ ስትመታ የፒካፕ ድምፅ ሰማች። ቀና አላለችም። ደግማ መታች፤ ክዳኑ ተበሳና ጣፋጩ ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ቆርቆሮውን አጠገቧ ለተቀመጠችው ለኑራ አቀበለቻት።

ኑራ የአካባቢው አፋር ናት። ትናንት ጠዋት ፍየሎቿን እየነዳች ስታልፍ ሙሉሐረግን ከጭነት መኪናው ተሳቢ ስር ተዘርራ አገኘቻት። ከስልቻዋ ውሃ በመዳፏ እየቀዳች ከንፈሯን አራሰችላት፤ ሙሉሐረግ ስልቻውን ልትነጥቃት ስትሞክር ግን እጇን መታ፣ "ቀስ" አለቻት። ዛሬ ደግሞ ወተት ይዛ ከፍየሎቿ ጋር ተመልሳ መጣች።

ሙሉሐረግ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት፤ ሐምሌ ላይ ጋቢ ተደርቦም የማይሞቅበት አገር። እዚህ ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ነዶ የጠፋ ከሰል ይመስላል። ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም፤ ነፋሱ ራሱ ፊት ይለበልባል። ሰው የሚኖርበት ምድር ላይ መሆኗን የተጠራጠረችበት ሰዓት ነበር።

ሾፌሩ ተገኘ ከጅቡቲ ሲመለሱ፣ ሎጊያ ሳይደርሱ፣ ኬላ ለመሸሽ ከአስፋልት ወጣ። መቀመጫው ስር የደበቀው ሲጋራ ነበረው። መኪናው አሸዋ ውስጥ ሲቀበር፣ ሲጋራውን ሊረከቡ ከመጡት ሰዎች ጋር ተሳፍሮ፣ "ከሰዓት እመለሳለሁ፤ መኪናውን ጥለሽ ንቅንቅ እንዳትዪ" ብሏት ሄደ። ረዳቱ ናት፤ እሺ አለች። ውሃው በዚያው ቀን አለቀ። በማግስቱ ምላሷ ከላንቃዋ ሲጣበቅ ጭነቱ የታሸገበትን የጉምሩክ ፕሎምፕ በብረት መጋዝ ቆርጣ፣ ሸራውን ገልጣ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ አናናስ አወረደች፤ ጣፋጩ ውሃ ግን ጥሟን ይባስ አደረገው።

ሦስት ቀን ሙሉ ለተገኘ ምክንያት ስትፈልግለት ነበር። ተይዞ ይሆናል፣ ተገልብጠው ይሆናል፣ ሞቶ ይሆናል። አልቅሳለታለች።

ተገኘ ከፒካፑ ወረደ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጺሙን ተላጭቷል። ወደ እሷ አልመጣም። ወደ ተሳቢው ዞረና የላላውን ሸራ ሳብ አድርጎ አየው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተቆረጠውን ፕሎምፕ ከመሬት አነሳ።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ።"

"አንቺ ልጅ አብደሻል? ይሄ እኮ የጉምሩክ ነው። ልታሳስሪኝ ነው?"

"ውሃ አለቀብኝ ጋሽ ተገኘ።"

"ትንሽ ብትታገሺ ምን ነበረበት? መካኒክ አጥቼ ስንከራተት ነው የከረምኩት። የተመቸኝ መስሎሽ ነው?"

ፒካፑን ይነዳ የነበረው ከድሩ፣ የሎጊያ መካኒክ፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከኋላው መጣ። የልጅቱን የተሰነጣጠቀ ከንፈር አየና ባለበት ቆመ።

"እዚህ ሰው አለ አላልከኝም" አለው ተገኘን። "አሸዋ ውስጥ የተቀበረ መኪና አለኝ ነው ያልከኝ። ያውም ዛሬ ጠዋት።"

ሙሉሐረግ ይህን ሰማች። ያፈሰሰችው እንባ አንገበገባት።

ተገኘ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። ሰመራ ስንደርስ አፋሮች መጥተው ቆረጡት ትያለሽ። ማንም አይጠይቅሽም። እኔም የመንጃ ፈቃድሽን ነገር እጨርስልሻለሁ። ሾፌር መሆን አይደል የምትፈልጊው?"

ኑራ ቆርቆሮውን ከአፏ አወረደች። አማርኛዋ ገበያ ላይ የለመደችው ነው፤ አፋር የሚለውን ግን ለይታ ሰምታለች።

"ምን አለ?"

"የቆረጡት እነሱ ናቸው በይ አለኝ። እናንተ።"

ኑራ ተገኘን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "እኔ ውሃ ሰጠሁ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ሙሉሐረግ ጎማውን ተደግፋ ተነሳች።

"አንተ" አለችው። አንተ ብላው አታውቅም ነበር። "አንተ ጺምህን ስትላጭ እኔ ሽንቴን ልጠጣ አስቤ ነበር። ሰመራ እሄዳለሁ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ለምን እንደቆረጥኩ እናገራለሁ፤ ከአስፋልቱ ለምን እንደወጣንም እናገራለሁ።"

"መንጃ ፈቃዱን እርሺው በያ።"

"ረሳሁት።"

ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ከድሩ መሀላቸው ገባ። "ተው" አለ። "መኪናህን ኋላ መጥቼ አወጣልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ። መጀመሪያ ሰው። ግቢ ልጄ።"

ሙሉሐረግ የኑራን እጅ ይዛ ልትስም ስትል ኑራ አፍራ ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያ አንደኛዋን ፍየል ከተሳቢው ስር በእግሯ ገፋ አድርጋ አስወጣችና መንገዷን ቀጠለች። ተገኘ የተቆረጠውን ፕሎምፕ እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ።

ፒካፑ ድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ኮረብታውን ወጣ። ትናንት ኑራ፣ "አስፋልት እዚያ፣ ነይ" ብላ በአገጯ ያሳየቻት ኮረብታ ነው። መኪናውን ጥዬ አልሄድም ብላ የመለሰችላት እሷ ራሷ ነበረች።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አስፋልቱ ከታች ተዘርግቶ ታየ። ጭነት የያዙ መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። አንዱ ክላክስ ነፋ። ሙሉሐረግ ድምፁን አወቀችው፤ ሦስቱንም ቀን ስትሰማው ነበር፣ ከጥሙ የተነሳ ጆሮዋ የሚጮህ እየመሰላት።

"ጠጪ እንጂ ልጄ" አላት ከድሩ።

ጠርሙሱን ወደ አፏ አስጠጋች። ጥርሷን ክፉኛ ነክሳ ስለነበር አፏ አልከፈት አላት።