ረዳት ግሥ

መምህር ነጋሽ ጭሮ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል እንግሊዝኛ ያስጠናል። ከሴቶቹ ክፍያ አይቀበልም። «የድሃ ልጆች ናቸው» ይላል። ሰዉም ያመሰግነዋል።

ጫት ቸርቻሪዋ ሀሊማ አንድ ልጇን ሳብሪናን የላከችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በወደቀች ሰሞን ነው። ልጅቷን የከበዳት የግሥ ሐረግ ነበር።

«ረዳቱ ይቀድማል፣ ዋናው ግሥ ይከተላል» አላት ነጋሽ። «ረዳቱ መቼ እንደሆነ ይነግርሻል፣ ዋናው ምን እንደምትሠሪ። ቤት ከምትሠሪው ተነሺ።» ጻፈላትም፦ አይ አም ኩኪንግ። አይ ሃቭ ቢን ዋሺንግ። አይ ዊል ቢ ክሊኒንግ። ሳብሪና እያጠበችም እየጠረገችም ታነበንበው ጀመር።

ሀሊማን እንቅልፍ የነሳት ሌላ ነው። ባለባጃጁ ጂብሪል ከጥናቱ ደጅ አይጠፋም። ቆሞ የሚገቡትንና የሚወጡትን ልጆች ያያል። አምና የገዛ እህቱ ሙና ቦርደዴ ሄዳ በዚያው ጠፍታለች። ለዓረብ አገር ደላላ ሸጣት ተባለ። ሲጠይቁት «አዎ፣ መኪና ያሳፈርኳት እኔ ነኝ» ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሀሊማ ባጃጅ በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች።

አንድ ቀን ጂብሪል ጫት ተራ መጣባት።

«አዴ ሀሊማ፣ ሳብሪናን ከጥናቱ አስቀሪያት።»

«እህቱን የሸጠ ነው የሚመክረኝ?»

ገበያተኛው ሳቀበት። ጂብሪል አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ነጋሽ ይህን ሲሰማ አዘነ። «ሙናም ተማሪዬ ነበረች፤ ሳትጨርስ ሄደች» አለ። ከዚያ ለሳብሪና ጥሩ ወሬ ነገራት፤ ድሬዳዋ ለሆቴል ሥራ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ለምዝገባው ሙሉ ቁመቷ የሚታይ ፎቶ ይበቃል።

«ብቻዋን አልልካትም» አለች ሀሊማ። «ያ ሰውዬ መንገድ ላይ ይጠብቃታል። ወላሂ ቲቸር፣ የማምነው አንተን ነው። ራስህ ውሰዳት።»

«እሺ አዴ፣ ለእርስዎ ስል።»

ጠዋት ሀሊማ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። ጂብሪል ወደ ሚኒባሱ እየሮጠ ሲመጣ ያየችው እሷ ናት። ጮኻ ሰው ሰበሰበች፤ ያዙት። ሚኒባሱ ሲወጣ ሀሊማ ከስንት ጊዜ በኋላ ተንፈስ አለች።

ሂርና ላይ ለቁርስ ቆሙ። ሳብሪና ወንበሯ ላይ ሆና ታጠናለች። ነጋሽ ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ።

«ይቺ ቋንቋም ትችላለች፤ በሙና ዋጋ አልሰጥህም።»