ሰው አለው?

የደሴን ካፌዎች ያበላሻቸው በራሱ የሚዘረጋና የሚታጠፈው አዲሱ ወንበር ነው። አሁን የሚዘረጋው አስቀድሞ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ይታጠፋል። አባቴ ከእናቴ ጋር የተዋወቀው እዚሁ ካፌ፣ ከፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር ይዞ «ሰው አለው?» ብሎ ነው። ከሞተች ወዲህ ዛሬ ገና ማኪያቶ አማረውና ለሁለታችን አስመዘገብኩ።

ነጠላቸውን ጉም ያረጠበባቸው አንዲት ሴትዮ ገብተው ጠረጴዛችን ጋ ቆሙ።

«ሰው አለው?»

የአባቴ ፊት በራ። «የለውም እትዬ፣ ይቀመጡ!»

ሦስተኛው ወንበር አልተዘረጋላቸውም። አባቴ ተነስቶ የራሱን ሰጣቸው፤ እሱም ታጠፈ።

«አባዬ ተው፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! ውጭ ደረጃው ላይ እንቀመጣለን።» ሁለቱንም ማኪያቶ አነሳ።

«የኔንስ?»

«አንቺ ወንበር አለሽ።»

ሴትዮዋን አስቀድሞ ወጣ፤ ብርድ እንዳይገባብኝ በሩን በክርኑ ዘጋው።