ባዶው ግድግዳ

ቢታንያ የመጨረሻዋን ወንበር በወረንጦ ይዛ ታጣብቃለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አያለሁ። ወንበሯ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ የልጅቷ እጅ ግን ትንሽ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ያናድደኛል።

ሞዴሉ የቶኪዮ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ጃፓኖች የፈረንጅ ሙዚቃ መማር ሲጀምሩ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ ለዚያው ብለው ከእንጨት የሠሩት። ነገ ለኤግዚቢሽን ይሄዳል። ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ ባለችው በዚህች ወርክሾፕ ዘጠኝ ዓመት ሞዴል ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ግን የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ሳህሌ አምና ለገባችው ልጅ ሰጧት። ያስቀጠርኳት ደግሞ እኔው ነኝ። ለእኔ የደረሰኝ የኪልበርን ፍላቶች መኪና ማቆሚያ ሞዴል ነው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

«እታፍዬ፣ ከመታሸጉ በፊት ቼክ አድርጊልኝ፣ ፕሊስ።»

ጎንበስ እላለሁ። ቅስት ጣሪያው፣ መድረኩ፣ መስኮቶቹ ልክ ናቸው። አንደኛው ጎን ውስጡ እንዲታይ ተቆርጧል። የእውነተኛው አዳራሽ ግድግዳ ድርብ ሳንቃ ነው፤ የድሮዎቹ አናጢዎች ድምፅ እንዳያመልጥ መሀሉን ጭድና ሰጋቱራ ጠቅጥቀውበታል። ይህም በሕንፃው ፕላን ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቢታንያ አላነበበችውም። የእሷ ግድግዳ መሀሉ ባዶ ነው። ጎኑ የተቆረጠውም ሰው ያንን ጭድ እንዲያይ ነበር።

«እንከን የለውም» እላታለሁ።

ጋሽ ሳህሌ የሞዴሉን የመስታወት ክዳን አቅፈው ይገባሉ። አንዴ በሙጫ ከታሸገ አይከፈትም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። አሁን ያዩታል፤ አሁን ይቆጧታል።

«እታፍ አይታልኛለች» ትላለች ቢታንያ።

መነጽሩን መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። «እሷ ካየችው እኔ ምን አያለሁ? ከራሴ ዓይን የእሷን አምናለሁ። ሥራውን ለአንቺ የሰጠሁትም እሷ አጠገብሽ ስላለች ነው።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ዛሬ ተናገሩት።

«በይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ» ይሉኛል። ክዳኑን እይዛለሁ። ባዶው ግድግዳ በእኔ በኩል ነው። ቢታንያ ሙጫውን ዙሪያውን ትቀባለች። ልናገር እፈልጋለሁ፤ ግን አሁን ብናገር ቅድምም አይቼው እንደነበር ፊቴ ያሳብቃል።

«ቀስ» ይላሉ ጋሽ ሳህሌ፣ ሞዴሉን ሳይሆን እኔን እያዩ።

ቀስ ብለን እናወርደዋለን።